ለወሎ ዳገትና ቆላ የትኛው የሞተር ዘይት ይሻላል?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዱ የመለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ «የሞተር ዘይት ፈልጌ ነበር» በሉ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «የዱባዩን ነው የአውሮፓውን?» የሚል ነው። ቀጥሎ ዋጋ ይጠራል። መኪናችሁ ምን ዓይነት እንደሆነች፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች፣ የት የት እንደምትነዷት የሚጠይቅ ሻጭ ካጋጠማችሁ ግን ደንበኛ አድርጉት።

ጋራዥ ስትሄዱ ደግሞ ሌላ ምክር ይጠብቃችኋል። «ወሎ ዳገት ነው፤ ወፍራም ዘይት አድርግበት» ትባላላችሁ። ምክሩ በድሮ ፊያትና በድሮ ላንድ ሮቨር ዘመን ያስኬድ ይሆናል። ዛሬ ቪትዝ ላይ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ያመዝናል።

እዚህ የትኛው ብራንድ እንደሚበልጥ አታገኙም። ተመሳሳይ ደረጃ ባላቸው ዘይቶች መካከል ያለው ልዩነት ሰው እንደሚከራከርበት የሰፋ አይደለም። የዘይቱን ቁጥር የሚወስነው ሞተሩን የሠራው ፋብሪካ ነው። የወሎ መንገድ የሚወስነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ፋብሪካው ከፈቀዳቸው ውስጥ የቱን እንደምትመርጡና በስንት ኪሎ ሜትር እንደምትቀይሩ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከበፊቱ ይከብዳል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያለው ቪትዝና ኮሮላ በቀላሉ የሚተካ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። ሞተር ማስወረድ ምን ያህል ኪስ እንደሚጎዳ የደረሰበት ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ግን እዚህ ጋ ማቆም ትችላላችሁ፤ የሞተር ዘይት ጣጣ የለባችሁም።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

ውፍረት። በጀሪካኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ነው፤ ለምሳሌ 5ደብሊው-30። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደሚፈስ ያሳያል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን በብርድ ይቀላል። የኋለኛው ቁጥር ደግሞ ሞተሩ ሞቆ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ የሚኖረው ውፍረት ነው። 30 የሚባለው በዚህ ሙቀት ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የፈሳሽ ውፍረት መለኪያ ነው) ድረስ ያለው ነው። 40 ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ይሄዳል። ከ30 ወደ 50 መዝለል ማለት እንግዲህ እጥፍ ወደሚጠጋ ውፍረት መሄድ ማለት ነው። «ትንሽ ወፍራም» የሚባል ነገር አይደለም።

«ደሴ ብርድ ናት፤ 0ደብሊው ያስፈልጋል» የሚሉም አሉ። ይህም የተጋነነ ነው። የፊተኛው ቁጥር የሚለካው በከባድ ውርጭ ነው። 20ደብሊው ሞተር ማስነሳት መቻሉ የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ ነው። 15ደብሊው ከዜሮ በታች በ20፣ 10ደብሊው በ25፣ 5ደብሊው በ30፣ 0ደብሊው በ35 ይፈተናሉ። የጦሳ ንፋስ ቢያንቀጠቅጠንም፣ ጉጉፍቱ ላይ ጆሮ የሚቆርጥ ብርድ ቢኖርም፣ እዚያ አንደርስም። ስለዚህ በብርድ ምክንያት መኪናችሁን ከመነሳት የሚያግድ ዘይት ገበያው ላይ የለም።

ልዩነቱ ያለው ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰኮንዶች ነው። ጠዋት 5 ዲግሪ ላይ 20ደብሊው-50 ከባድ ነው። ፓምፑ ገፍቶት ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ እስኪደርስ ድረስ የላይኞቹ ብረቶች በቀረቻቸው ስስ ቅባት ይፋተጋሉ። አዳዲሶቹ ሞተሮች ደግሞ የቫልቭ ጊዜን በዘይት ግፊት የሚያስተካክል መሣሪያ አላቸው፤ ቶዮታ ቪቪቲ-አይ የሚለው ማለት ነው። ዘይቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ጠባብ ነው። ለቀጭን ዘይት በተሠራ ቀዳዳ ወፍራም ማስገደድ ሞተሩን አይጠብቀውም።

ዳገቱስ? ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ይህን ሁሉ ከፍታ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ነው የምንወጣው። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። ዶሮ መዝለያ የሚባለው ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እየጮኸ ረጅም ጊዜ ትቆያላችሁ። ዘይቱ ይግላል። ይህ እውነት ነው። ግን የሞተሩን ሙቀት በዋናነት የሚይዙት ራዲያተሩ፣ ቴርሞስታቱና ፋኑ ናቸው። እነሱ ጤነኛ ከሆኑ በመመሪያው የተጻፈው ዘይት ዶሮ መዝለያን ይችለዋል። እነሱ ከታመሙ ሃያ ሃምሳ አያድናችሁም።

የጥራት ደረጃ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። እኔ ግን ከብራንድ በፊት የማየው እሱን ነው። ከጀሪካኑ ጀርባ «ኤፒአይ» (የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም) ከሚለው ጽሑፍ ጎን ሁለት ፊደል ይኖራል። በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር፣ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። ሁለተኛው ፊደል በእንግሊዝኛው ተራ ወደ «ዜድ» በቀረበ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው።

በቤንዚን በኩል ኤስኤል በፈረንጆች 2001፣ ኤስኤም በ2004፣ ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 ወጡ። ኤስፒ የመጣው ትንንሽ ቱርቦ ሞተሮችን ነዳጁ ከጊዜው በፊት በመቀጣጠሉ ከሚመጣ ጉዳት፣ የሰንሰለት ታይሚንግ ያላቸውን ደግሞ ከሰንሰለት መበላት የበለጠ ለመጠበቅ ነው። አዲሱ የድሮውን ቦታ ይሸፍናል። የመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ ኤስኤል ካለ ኤስኤን ወይም ኤስፒ ብትጨምሩ ጥሩ ነው። በተቃራኒው መሄድ ግን አይቻልም።

ርካሹ ጀሪካን ላይ ኤስኤፍ ወይም ኤስጂ የሚል ካያችሁ መልሱት። ኤስኤፍ በፈረንጆች 1988 እና ከዚያ በፊት ለተሠሩ ሞተሮች የታሰበ ደረጃ ነው። ጀሪካኑ ያምራል፣ ውፍረቱ 20ደብሊው-50 ነው፣ ዋጋው ይጥማል። ውስጡ ያለው ቀመር ግን ብዙዎቻችሁ ሳትወለዱ የነበረ ነው።

በናፍጣ በኩል ሲኤች-4 በፈረንጆች 1998፣ ሲአይ-4 በ2002፣ ሲጄ-4 በ2006፣ ሲኬ-4 በ2016 መጨረሻ መጡ። ለአይሱዙና ለሃይሉክስ ሲአይ-4 እና ከዚያ በላይ ከያዛችሁ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ኤፍኤ-4 የሚባል ሌላም አለ። እሱ ለአንዳንድ አዳዲስ ከባድ መኪኖች ብቻ የተሠራ ቀጭን ነው፤ አሮጌ ናፍጣ ሞተር ውስጥ አታስገቡት።

የተሠራበት መሠረት። ሚኒራል፣ ከፊል ሲንቴቲክ፣ ሙሉ ሲንቴቲክ። ሚኒራል ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣው ነው። ሙሉ ሲንቴቲክ ሙቀት ሲበዛ ቶሎ አይበላሽም፣ ጭቃ አይሠራም፣ ሲቀዘቅዝም ይፈሳል። «ከፊል» በሚለው ላይ ግን አትመኩ። ስንት እጅ ሲንቴቲክ እንዳለበት የሚያስገድድ መለኪያ የለም። ትንሽ ጠብ አድርጎ «ከፊል ሲንቴቲክ» ብሎ የሚሸጥ አለ። እዚህ ላይ ከመሠረቱ ይልቅ የኤፒአይ ደረጃውን እመኑ።

የሞተሩ ዕድሜና ጤና። ዘይት የማይበላ ሞተርና በየሳምንቱ ሊትር የሚጠይቅ ሞተር አንድ ምክር አይሰጣቸውም።

የራሳችሁን ለመፈተን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ በቂ ነው። ቁልቁለቱን እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንስታችሁ በማርሽ ያዙ። ታች ስትደርሱ ነዳጅ ስጡና በመስታወት ወደ ኋላ እዩ። ቡፍ ብሎ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ጎማዎቹ አልቀዋል ማለት ነው። ሽቅብ ስትወጡ፣ ጭነት ሲኖር፣ ሳያቋርጥ የሚጨስ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ፒስተን ፋሻ ይሄዳል። የመጀመሪያው ቀለል ያለ ሥራ ነው። ሁለተኛው ሞተር ያስወርዳል። ሁለቱንም ወፍራም ዘይት ለጊዜው ይደብቃቸው ይሆናል እንጂ አይጠግናቸውም።

የምትነዱበት መንገድ። አምራቾች «ከባድ አጠቃቀም» የሚሉት ዝርዝር አላቸው፦ አቧራ፣ ተራራ፣ ከባድ ጭነት፣ አጭር አጭር ጉዞ፣ ሞተር እያሠሩ መቆም። ዝርዝሩን ሳነበው ስለ እኛ የተጻፈ ይመስለኛል። ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰኞ ገበያ እያሉ መዋል ራሱ ከባድ አጠቃቀም ነው። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል። ያልተቃጠለ ነዳጅና የውሃ ትነት ዘይቱ ውስጥ ይቀራሉ። የዘይት ክዳኑን ስትከፍቱ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ከታያችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ራዲያተሩም ውሃ የሚቀንስ ከሆነ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ሊሆን ይችላልና ፈጥናችሁ አስፈትሹ።

ዋጋ በኪሎ ሜትር። የጀሪካኑን ዋጋ ብቻ አትዩ። የዘይቱን፣ የፊልትሮውንና የእጅ ዋጋውን ደምሩና እስከሚቀጥለው ቅየራ በምትሄዱት ኪሎ ሜትር አካፍሉት። ሙሉ ሲንቴቲክ ብዙ ጊዜ የሚኒራሉ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ያስወጣል። እጥፍ ኪሎ ሜትር ከሄደ ዋጋው ይመጣጠናል፤ ፊልትሮና እጅ እንዲያውም አንድ ጊዜ ይተርፍላችኋል። ችግሩ በወሎ መንገድ እጥፍ መሄዱን እኔ አልመክርም። ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

አማራጮቹ በመመዘኛው ሲታዩ

ባለ አንድ ቁጥር 40 ወይም 50። ከበርሜል እየተቀዳም ይሸጣል። ሲቀዘቅዝ ከሁሉም ይወፍራል። በጣም አሮጌ ለሆነ፣ አሠሪው ራሱ ይህንን ለጻፈለት ሞተር ካልሆነ ለማንም አልመክርም። ከበርሜል የሚቀዳው ደግሞ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የቀዳው ሰው ብቻ ነው።

20ደብሊው-50። ወሎ ውስጥ በጣም የሚሸጠው፣ ያለ ቦታውም በጣም የሚገባው ይህ ነው። ቦታ የለውም አልልም። ብዙ ለሄደ፣ ለላላ፣ ዘይት መብላት ለጀመረና ከሚሌ ወይም ከቆቦ ሙቀት ለማይወጣ አሮጌ ሞተር ይስማማል። ባጃጅም ላይ የተለመደ ነው፤ ባጃጅን ለብቻው እመለስበታለሁ። ለደሴ፣ ለላሊበላና ለወገል ጤና ጠዋቶች፣ ለአዲስ ሞተር ግን አይሆንም። ነዳጅም ይጨምርባችኋል። ሞተሩ ወፍራም ዘይት ለመግፋት ጉልበት ያወጣልና።

15ደብሊው-40። የናፍጣ ሞተሮች የታወቀ ጓደኛ። ለአይሱዙ፣ ለሃይሉክስ፣ ለአሮጌው ላንድ ክሩዘር፣ ለሚኒባስ። ሲአይ-4 ከሆነ ጥላሸቱን ሳያረጋ እስከ ቅየራ ድረስ ተሸክሞ ይቆያል። ናፍጣ ላይ ዘይቱ በጥቂት ቀን ጥቁር ቢሆን አትደንግጡ፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ብዙዎቹ ጀሪካኖች ላይ «ሲአይ-4/ኤስኤል» የሚል ድርብ ጽሑፍ አለ። ቤንዚኑንም ናፍጣውንም ለያዘ ቤተሰብ ወይም ለአነስተኛ ድርጅት ይህ ጥሩ መፍትሔ ነው። የቤንዚን መኪናው መጽሐፍ 15ደብሊው-40 መፍቀዱን ግን አረጋግጡ። በፈረንጆች የ1990ዎቹ ኮሮላ ብዙ ጊዜ ይፈቅዳል፤ አዲሱ ግን ላይፈቅድ ይችላል።

10ደብሊው-30 እና 10ደብሊው-40። መሃል ቤት ናቸው። ከ10 ዓመት በላይ ለሄደ የቤንዚን መኪና፣ ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመላለስ፣ በጀት ለማይፈቅድለት ሰው 10ደብሊው-30 አስተዋይ ምርጫ ነው። ትንሽ ዘይት መቀነስ ከጀመረ ወደ 10ደብሊው-40 መሻገር ይቻላል። ወደ 50 ከመዝለላችሁ በፊት እዚህ ጋ ቁሙ።

5ደብሊው-30 እና 5ደብሊው-40። ለአብዛኞቹ ቪትዝ፣ ያሪስና ኋላ ለመጡ ኮሮላዎች መጽሐፉ 5ደብሊው-30ን ይጠቅሳል። ጠዋት ቶሎ ይወጣል፣ ዳገት ላይ ይችላል። «ቀጭን ነው፤ ወሎ ላይ ይተናል» የሚባለው ወሬ ነው። ያው 30 በሙቀት ጊዜ ከ10ደብሊው-30 እኩል ክልል ውስጥ ነው። ባቲን አልፋችሁ ወደ ሚሌ ጭነት ይዛችሁ አዘውትራችሁ የምትወርዱ ከሆነና መጽሐፉ ከፈቀደ 5ደብሊው-40 ሙሉ ሲንቴቲክ ለመጠባበቂያ ይሻላል። እዚያ ከ40 ዲግሪ በላይ የሆነ አየር ነው ራዲያተራችሁን የሚያበርደው።

0ደብሊው-20። ለእሱ ተብለው የተሠሩ አዳዲስ ሞተሮች አሉ። አንዳንድ ሱዙኪ ዲዛየርና ዲቃላ (ሃይብሪድ) ቶዮታዎች ይጠይቁታል። ዋና ዓላማው ነዳጅ መቆጠብ ነው። ዋጋው ይከብዳል፣ ደሴም ኮምቦልቻም ሁልጊዜ አይገኝም። ብዙ ጊዜ መጽሐፉ ራሱ «ይህ ከሌለ 5ደብሊው-30 ይቻላል» ይላል፤ ያንን ገጽ ፈልጉት። መጽሐፉ በጃፓንኛ ከሆነ ቁጥሮቹ ያው ቁጥሮች ናቸው፤ ሠንጠረዡን ማንበብ አያቅትም። ለብዙ ሞዴሎች የዘይት መሙያ ክዳኑ ላይም ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

በአጭሩ በሠንጠረዥ

| ዘይት | ለማን ይሆናል | ለማን አይሆንም | ጠዋት ደሴ ላይ | ቆላ ከጭነት ጋር | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ባለ አንድ ቁጥር 40/50 | አሠሪው ለጻፈለት ጥንታዊ ሞተር | ለቀሪው ሁሉ | በጣም ከባድ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| 20ደብሊው-50 | ለላላ አሮጌ ሞተር፣ ለባጃጅ (ትክክለኛው ደረጃ ካለው) | ለአዲስ ቤንዚን ሞተር | ከባድ | ጥሩ | ዝቅተኛ |
| 15ደብሊው-40 ሲአይ-4 | ለናፍጣ፣ ለአንዳንድ አሮጌ ቤንዚን | ለአዲስ ቪትዝና ዲዛየር | መካከለኛ | ጥሩ | መካከለኛ |
| 10ደብሊው-30/40 | ዕድሜ ላለው ቤንዚን መኪና | 0ደብሊው-20 ለሚጠይቅ | ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ |
| 5ደብሊው-30 ኤስኤን/ኤስፒ | ለአብዛኛው ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ | ለባጃጅ፣ ለላላ ሞተር | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ከፍ ያለ |
| 5ደብሊው-40 ሲንቴቲክ | ለቆላ ተመላላሽ፣ ለቱርቦ (ከተፈቀደ) | መጽሐፉ ላልፈቀደለት | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ውድ |
| 0ደብሊው-20 | ለተጻፈለት አዲስ ሞተር | ለአሮጌ ሁሉ | በጣም ጥሩ | በመጽሐፉ መሠረት | ውድ |

እንደ ኑሯችሁና እንደ ኪሳችሁ

ደሴ ውስጥ ቪትዝ ይዛችሁ ቤትና ሥራ የምትሉ። 5ደብሊው-30፣ ኤስኤን ወይም ኤስፒ። ሙሉ ሲንቴቲክ ካቃተ ከፊሉም ይሆናል። በ5,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩ። 5,000 ሳትደርሱ ስድስት ወር ካለፈም ቀይሩ፤ አጭር ጉዞ ዘይት ያበላሻልና። የ1.0 ሊትሯ ቪትዝ የምትወስደው ከ3 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ 1.5 ሊትሩ 1ኤንዜድ ሞተር 3.7 ሊትር ገደማ ይወስዳል። ባለ 4 ሊትር ጀሪካን ስትገዙ የሚተርፈውን ለመሙያ ያዙት። «ጀሪካኑ ይለቅ» ብላችሁ ሁሉንም አታስገቡ። የተትረፈረፈ ዘይት ይደበደብና አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ብረት አያለሰልስም።

ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የምትመላለሱ የናፍጣ ሹፌሮች። 15ደብሊው-40 ሲአይ-4 ወይም ሲኬ-4። ኪሳችሁ ከቻለ ለእናንተ ነው ሲንቴቲክ በእርግጥ የሚከፍለው። ከቆላ ሙቀት ወደ ደጋ ዳገት በጭነት መመለስ ዘይትን ከሁሉም በላይ ይፈትነዋል። ቱርቦ ካላችሁ ዳገት ጨርሳችሁ እንደቆማችሁ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ። ትንሽ ይሥራና ዘይቱ ቱርቦውን ያብርድ።

በኩታበር፣ በወረኢሉ፣ በመካነ ሰላም አካባቢ ጠጠር መንገድ ላይ የምትውሉ። ለእናንተ ከዘይቱ ዓይነት ይልቅ የአየር ፊልትሮው ይቀድማል። በላላ ወይም በተቀደደ የአየር ፊልትሮ የገባ አቧራ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። የትኛውም ውድ ዘይት አቧራን አይፈጭም። ሙሉ ሲንቴቲክን በእጥፍ ኪሎ ሜትር መንዳት አልመክርም ያልኩት ለዚህ ነው። ዘይቱ ራሱ ባይበላሽም የተሸከመው ቆሻሻ ሞተሩን ይጎዳል። መካከለኛ ዘይት ገዝታችሁ ቶሎ ቶሎ መቀየር ውድ ዘይት አስገብቶ ከመርሳት ይበልጣል።

ዘይት የሚበላ አሮጌ መኪና ያላችሁ። መጀመሪያ ለኩ። በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ስንት እንደቀነሰ ጻፉ። አንዳንድ አምራቾች እስከ 1 ሊትር ድረስ «ልክ ነው» ይላሉ። ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ በሉ፤ ከ30 ወደ 40። በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ ሚኒራል 10ደብሊው-40 ኤስኤል ወይም ኤስኤም በቂያችሁ ነው። እየጠጣ ለሚጨርሰው ሞተር ሙሉ ሲንቴቲክ መግዛት ብር ማቃጠል ነው። ከ1 ሊትር በላይ ከሄደ የዘይት ምርጫ ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል፤ መካኒክ ጋ ሂዱ።

የባጃጅ ባለንብረቶች። ይህን በደንብ አንብቡ። የባጃጅ ፍሪሲዮን ዘይቱ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። ለመኪና የተሠራ፣ ነዳጅ ይቆጥባል የሚባል ቀጭን ዘይት መንሸራተቻ ቅመም ስላለው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ ባጃጁ አይሄድም። እና ሾፌሩ ፍሪሲዮን ሲለውጥ ይውላል። ጀሪካኑ ላይ «ጄኤኤስኦ ኤምኤ» ወይም «ኤምኤ2» የሚለውን ፈልጉ። ይህ በዘይት ለሚሠራ ፍሪሲዮን የተፈተነ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። 20ደብሊው-50 ከዚህ ምልክት ጋር ሲሆን ለባጃጅ ልክ ነው። የዘይቱ መጠን ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይቆሽሻል፤ ስለዚህ መጽሐፉ ከሚለው አታሳልፉ።

የሐሰተኛውን ነገር

ውድ ዘይት ሲሆን የሚያስመስለውም ይበዛል። ክዳኑ ላይ ያለው ማሸጊያ ቀለበት ያልተከፈተ መሆን አለበት። ከክዳኑ ሥር ያለው ፎይልም ያልተቀደደ መሆኑን እዩ። የምርት ቁጥሩ ጀሪካኑ ላይ ታትሞ እንጂ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ብቻ ካለ ተጠራጠሩ። ተመሳሳይ ሁለት ጀሪካን ጎን ለጎን አስቀምጡና የጽሑፉን ቀለምና አቀማመጥ አነጻጽሩ። ከገበያው በጣም የወረደ ዋጋ ሲነገራችሁ ደስ አይበላችሁ። «ኤፒአይ» የሚለው ክብ ምልክት ያለበትና «የኤፒአይን ደረጃ ያሟላል» የሚል ጽሑፍ ብቻ ያለበት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ፈቃድ ተወስዶበታል። ሁለተኛው የፋብሪካው ቃል ብቻ ነው።

ዘይት ሲቀየር ቆማችሁ እዩ። ጀሪካኑ እፊታችሁ ይከፈት። ባዶውን ጀሪካን ደግሞ ይዛችሁ ሂዱ ወይም በቢላ ቅደዱት። ሐሰተኛው ዘይት የሚሞላው በእናንተ ባዶ ጀሪካን ነው።

ዘይቱ ከተገዛ በኋላ

ፊልትሮውን አብራችሁ ቀይሩ። አንዱን ዙር እየዘለሉ መቀየር የተለመደ ነው፤ አሮጌ ፊልትሮ ላይ አዲስ ዘይት ማለት ግን ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር የሚሆን ጥቁር ዘይት አዲሱ ውስጥ መቀላቀል ነው። ርካሽ ፊልትሮ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይወርድ የሚይዘው ላስቲክ ከሌለው ወይም ደካማ ከሆነ ሌሊት ይፈስሳል፤ ጠዋት ሲነሳ ሞተሩ ለጥቂት ሰኮንድ ይንኳኳል። «ዘይቱ መጥፎ ነው» ተብሎ የሚወቀሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ሞተሩን በናፍጣ ወይም በላምባ ለማጠብ ለሚጠይቃችሁ መካኒክ «አይ፣ ይቅርብኝ» በሉት። ተጠራርጎ አይወጣም፤ የቀረው አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። ዘይት ላይ የሚጨመሩ ቅመሞችንም እንዲሁ እለፏቸው። ጥሩ ዘይት ቅመሙ ውስጡ አለ።

የዘይት መለኪያውን የምታወጡት መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ ከጠፋ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በኋላ ነው። ደሴ ውስጥ ሜዳ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ግን ነዳጅ ማደያዎቹ ግቢ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ዳገት ላይ ቆማችሁ ለክታችሁ «ቀንሷል» ብላችሁ ብትጨምሩ ከመጠን በላይ ትሞላላችሁ።

መንገድ ላይ ዘይት ካጠረና የራሳችሁ ካልተገኘ ሌላ ብራንድ፣ ደረጃው የሚመጣጠን ጨምሩ። የኤፒአይ ፈቃድ ያላቸው ዘይቶች እርስ በርስ መቀላቀል ይችላሉ። ሐይቅ ወይም ውጫሌ ላይ ዘይት ጎድሎ «የራሴን እስካገኝ» ብላችሁ ወልዲያ ድረስ መንዳት ግን አይሆንም። የዘይት ግፊት መብራት ከበራ ዳር ያዙና ወዲያው አጥፉ፤ ያ መብራት ዘይት ቀነሰ ሳይሆን ግፊቱ ጠፋ ማለት ነው።

የወጣውን ጥቁር ዘይት ጋራዡ የት እንደሚደፋው ጠይቁ። ብዙ ቦታ ቦዩ ውስጥ ይፈስሳል። ቦዩ ቦርከና ይገባል፣ ቦርከና ደግሞ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ቃሉ እርሻዎች ይወርዳል። በርሜል የሚያስቀምጥ ጋራዥ ካለ እሱ ጋ ቀይሩ። ከሌለ የወጣውን በጀሪካን ይዛችሁ ለሚሰበስብ ስጡ።